ቁጥር አርባ ሁለት

ሱቁ ከተሸጠ ሦስት ክረምት አለፈ፤
የበሩ ላይ ዘንዶ ቀለሙ ረገፈ።
አሁን ጥፍር ቀቢ ተከራይታው ቤቱን
ሐምራዊ አድርጋለች ቀይ የነበረ ፊቱን።

ግሪምስቢ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
አባቴ ከእሳት ፊት ቆሞ ሞላው አርባ፤
ስድሳም እዚያው ሞላው።
ዮንግ ካም-ዋ ብሎ በስሙ የጠራው የለም፤
እሱም ቢሆን የማንንም ስም አያውቅም፤
ሰው ሁሉ ቁጥር ነው። ጢማሙ ሃያ ስድስት፣
መንትዮቹ ዘጠኝ፣ ሁሌም ያለ ሽንኩርት፣
ዓርብ ዓርብ ሲመሽ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ
የሚገባው መርከብ ጠጋኝ፣
አርባ ሁለት።

አርባ ሁለት ማለት፦ ጥብስ ኑድል ከዶሮ፣
ጉንቁሉ ሳይላላ፣ ካሮቱ ተሰንጥሮ፤
አራት ፓውንድ ከሰማንያ።

እኛ አንበላውም ነበር። የእኛ ገበታ ሌላ፦
ነጭ ሩዝ፣ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣
እናቴ «ለጉበት ነው» የምትለው መራራ ሾርባ።
ኑድሉ የሰው ነው፤ የሰው ነገር አይነካም።
አንድ ዓርብ ብቻ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣
ጠጋኙ ሳይመጣ ቀረ። ሣጥኑን አነሣሁ፣
ከማቀዝቀዣው ኋላ ተሸጉጬ በጣቴ በላሁ።
ቀዝቅዟል፤ ዘይቱ ረግቷል፤
ጣቶቼን አንድ በአንድ ላስኩ።
በነጋታው የሒሳቡን ደብተር ገለጥኩ፤
በአባቴ የእጅ ጽሑፍ፦ «42፣ ተከፍሏል።»
እሱም አላነሣው፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ባለፈው ሚያዝያ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ።
ግማሽ ፊቱ ላላ፤ ከአፉ ቃል ታፈሰ፤
ካንቶንኛው ሄደ፣ እንግሊዝኛውም ተከተለው፤
ሱክ-ዪን የሚለው ስሜ ምላሱ ላይ ቀለጠ፤
የቀረለት ቁጥር፣ ያውም አልፎ አልፎ ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። መጥበሻውን ከሣጥን አወጣሁ።
እጄ የጥርስ ሐኪም ቤት ጓንት የለመደ፣
ምድጃዬ የኤሌክትሪክ፣ ነበልባል ያልወለደ።
ኑድሉን ቀቀልኩ፣ አጠለልኩ፣ ቸኮልኩ፤
እርጥቡን እንዳለ መጥበሻው ላይ ገለበጥኩ፤
ሶሱን፣ አትክልቱን፣ ሁሉን ባንዴ ጨመርኩ።
ተንጫጫ፣ አለቀሰ፣
ገንፎ ሆነ።
አባባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እንደገና። አሁን ኑድሉን በፎጣ አደረቅኩ፣
ዘይት አሸሁት፣ ለሁለት ከፈልኩ፤
መጥበሻው እስኪጨስ፣ እውነቱን እስኪጨስ ጠበቅኩ።
የጭሱ ደወል ጮኸ፤ መስኮት ከፈትኩ፤
የባሕር ወፍ ከጣሪያው አብራ ጮኸች።
እጄን ወደ ሶሱ ስሰድ፣
ቋ!
በጠቋሚ ጣቱ፣ ጠረጴዛውን። ገና ነው።
ጉንቁሉን ላነሣ ስል፣ ቋ! ገና ነው።
ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ ቋ ቋ፣
ሐኪም ደረት እንደሚመታ።
ሶሱን በመጥበሻው ጠርዝ አንቆረቆርኩት፤
ቸስ አለ፤
ያ ሽታ፣ የካፖርቱ፣ የትራሱ፣
ትምህርት ቤት ያፈርኩበት የፀጉሬ ሽታ፣
ጓዳዬን ሞላው።

በሳህን አቀረብኩለት። አልነካውም።
ግድግዳ ይዞ ተነሣ። መሳቢያ ጎተተ፣
የላስቲክ ሣጥን አወጣ፣ ኑድሉን ገለበጠ፣
ክዳኑን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ተጫነ፣
በማይታዘዝ እጁ፣ በእስክሪብቶ፣
እላዩ ላይ «42» ጻፈ፤
ቁጥሩን ወደ እኔ አዙሮ
በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ።
«አራት ከሰማንያ» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

ኪሴን ዳበስኩ። አምስት ፓውንድ ነበረኝ።
ተቀበለኝ፣ ወደ መብራት አንሥቶ አየው፤
ሃያ ፔንስ መልስ እጄ ላይ የቆጠረ መስሎት
መዳፌን በባዶ ጣቶቹ ነካ ነካ አደረገ፤
ከዚያ ዞር ብሎ፣ በወገቡ፣
እዚህ የሌለውን የገንዘብ መሳቢያ
ገፍቶ ዘጋው።