ስልሳ አራት ሳቅ

ኮምቦልቻ። ሌሊት። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣
ቦርከና ከድልድይ ስር ይሄዳል ተጣጥፎ፤
እኛ ሽመና ክፍል፣ ብናኝ ተከናንበን፣
ጆሯችንን በጥጥ ወትፈን፣
በጣት እናወራለን።

ድሮ እንዲያ ነበር።
ሁለት ጣት ሲነሳ፦ «ክርሽ ተበጠሰ»፣
መዳፍ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ፦ «እንቅልፌ ደረሰ»፣
ትከሻ ሲነካ፦ «እረፊ፣ እኔ አለሁ»፤
ይህን ከጋሽ አረቡ እጅ ተምሬያለሁ።

ከዚያ ግሩፕ መጣ።
«ሽፍት ለ ቤተሰብ» ብሎ ሙህዲን ከፈተው፤
ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ እቁቡም እዚያው ነው።
እውነቱን ልናገር፣ ደግ ነበር ፊት ፊት፤
ሉባባን ደም ፈሷት ደሴ የወሰዷት ለት፣
«ደም ለጋሽ!» ቢል ስልኩ በዚያ እኩለ ሌሊት፣
መኪናው ሐረጎን ሳይጨርስ ሽቅቡን ወጥቶ
ስድስት ክንድ ጠበቃት ሆስፒታሉ በር ላይ፣ እጅጌውን ፈትቶ።

ኋላ ነው የዞረው። መቼ እንደዞረ አላውቅም፤
ወተት የሚጎመዝዝበትን ሰዓት የሚያይ የለም።
ከአለቃ ፊት «እሺ»፣ ከኪስ ውስጥ ስድብ፤
ጣታችን ቋንቋውን ረሳ፣ መስታወት ሽቅብ ሲስብ።
ሻይ ሰዓት አንድ አግዳሚ ላይ ስምንት ሆነን ተቀምጠን፣
አንገታችንን ደፍተን እርስ በርስ እንጻጻፋለን፤
አጠገቤ ያለችው ትስቃለች፣ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤
ሳቋ በጆሮዬ ሳይሆን በጭኔ ይደርሰኛል።

መጋቢት ነው፣ ማክሰኞ። ሙህዲን ቪዲዮ ለቀቀ።
አስራ ዘጠኝ ሰከንድ።
ጋሽ አረቡ፣ ከቁጥር ሃያ ሰባት ማሽን ስር፣
የዘይት ማንቆርቆሪያቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣
አፋቸው ተከፍቶ፣ ብናኙ ሽበታቸው ላይ ሰፍሮ፣
ተኝተዋል።
ከግርጌው፦ «የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ»።

ስልሳ አራት ሰው ሳቀ፤ እንባ የሚያፈስ ቢጫ ፊት።
ስልሳ ሦስቱን ተዉት። አንዷን አውቃታለሁ፦
ይህቺ ናት፣ የቀኝ እጄ አውራ ጣት።
ሳልስቅ ነው የሳቅሁት። ክር እየቀጠልኩ፣
ፊቴ ጭር ብሎ፣ ጣቴ ብቻ ፈገግ አለች።

በነጋታው ሌላ ሰው ሆንን፤ ማንም አላዘዘን።
«ጋሽ» ቀርቶ «ምርጡ» አልናቸው።
ማሽን ሲቆም እሳቸውን መጥራት ነውር መሰለን።
አዲሱ ልጅ መፍቻ ሲያቀብል በሁለት እጁ ነበር፤
ያን ዕለት በአንዱ ሰጣቸው፣
ሌላው ስልክ ይዞ ነበር።

የሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ከሬዲዮና ከልጃቸው ሌላ ድምፅ ያልሞከረ።

ሐሙስ ጠዋት ሰርቪስ ስንጠብቅ አጠገቤ ቆሙና
«ልጄ፣ ሰው ሲያየኝ ይስቃል፤
ሱሪዬ ተቀዶ ይሆን?» አሉኝ።
ምን ልበል? አሳየኋቸው።

ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከሩቅ፣ አዩት። ደገሙት።
እርግማን ጠበቅሁ።
በሦስተኛው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።
«ትሰሚያለሽ? ከሁሉ ድምፅ ስር፣ ጠክ... ጠክ...
የሃያ ሰባት ኩሽኔታ ነው፤ አልቋል።
እሱን ላድን ነበር እዚያ ስር የተጋደምኩት፤
እንቅልፍ ቀደመኝ እንጂ፣
ይኸው ዛሬ አገኘሁት።»

ሰርቪሱ መጣ። አልገቡም። ወደ በሩ ተመለሱ።
ስለ ሳቁ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤
ስልኬን ሲመልሱልኝ ግን
በሁለት እጃቸው ነበር።

መኪናው ውስጥ ቢጫውን ፊት ደግሜ ነካሁት፤ ጠፋ።
ስልሳ ሦስት።
ማንም አላየ፣ ማንም አልጠየቀ፤
ከቁጥሩ ውስጥ የወጣ ሰው ዱካ የለውም።

የዚያን ሌሊት ሃያ ሰባት ያለ ኮሽታ ዞረ።
ከወዲያ ማዶ ጎንበስ ብለው፣ ዘይት ሲያንጠባጥቡ አየኋቸው፤
ስልኬን ከሳጥኔ ቆልፌ መጥቼ ነበርና
እጄ ባዶ ነው፤ ትከሻዬን ነካሁ።

አላዩኝም መሰለኝ።
ወይ አይተው ይሆናል።