ምንጭ ይጠቀስ

እኔ ነኝ የሰረዝኩት፤ አንዴ አይደል፣ ዘጠኝ ጊዜ፣
ታምፔሬ፣ ትራም ግቢ፣ በሌሊት ዘብ ትካዜ።

ጽሑፉ አጭር ነው፤ ሦስት አንቀጽ፣ አንድ ሥዕል፣
ስለ አንዲት የእንጨት ጀልባ፣ ስለ መስከረም ማዕበል፣
በቱህካ ሐይቅ ላይ ስለሰጠመች አንድ ማታ፣
አሥራ ሰባት ነፍስ ይዛ። ይኸው ነው፤ በአንድ አፍታ
አንብበው የሚጨርሱት።

«አውኔ» የምትባል መጣች፤ «ሰባት»ን «ስምንት» አለች።
ምንጭ የለም። መለስኩት። ተመልሳ ቀየረች።
መለስኩት።
ቀየረች።
ውጪ በረዶ ይጥላል፤ ሐዲዱ ተቀብሯል፤
ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን በአንድ ቁጥር ይነታረካል።

ደሞዝ የለን፣ አለቃ የለን፤ ያልተሾምን ዳኞች ነን፤
የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ካየን እንቅልፍ የማይወስደን።
ወደ ውይይቱ ገጽ ጠራኋት፣ እንደ ደንቡ፦
«ለውጥዎ ምንጭ የለውም፤ እባክዎ መመሪያውን ያንብቡ።»

ሁለት ቀን ቆይታ መለሰች፤ ፊርማም የለ፣ አራት ነጥብም፦
«ታይስቶ ወንድሜ ነው አሥር ዓመቱ ነበር ለቲኬት ሳንቲም የለውም
ከሸራው ሥር ገባ እኔ ነኝ ሸራውን የገለጥኩለት
ቲኬት ያልቆረጠ ሰው ስሙ ዝርዝር ላይ የለበት
አሥራ ስምንት ናቸው ስምንት»

እኔም ጻፍኩ፣ ዛሬ ሳነበው ጆሮዬን ያግለኛል፦
«የግል ትዝታ ምንጭ አይደለም። ምንጭ መጽሐፍ ይሆናል፣
ጋዜጣ፣ ወይም ጥናት።»
«ምንጭ?» አለች። «ምንጩማ እዚያው ውኃው ውስጥ ነው።
ጎንበስ ብለህ ጠይቀው።»

ከዚያማ ገበያው ደራ። ኩኦፒዮ ያለችው ፒህላ፣
ከቤተ መጻሕፍት ሥራዋ ገብታ፣ እራት ሳትበላ፣
«አትቸኩሉ፣ ልፈልግ» አለች።
ኦትሶ የሚባል ተማሪ፣ ቃል ሲሰነጥቅ የሚያድር፣
«ሰጠሙ» ነው «ሞቱ» የሚሻል ብሎ ከፈተ ክርክር፤
አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ስለ ጀልባዋ ቁመት ገባ፦
አሥራ አራት ሜትር ናት! አይ፣ አሥራ አራት ተኩል!
ለግማሽ ሜትር ሳንቃ ሌሊቱ ሆነ እኩል።
ድምፅ ይሰጥ ተባለ፤ ስድስት ለሁለት ተቆጠረ፤
አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በድምፅ ብልጫ ከጀልባ ቀረ።

ፒህላ በመጋቢት መጣች፣ የደብሩን መዝገብ አግኝታ፣
ሻጋታ የበላውን ገጽ በስልኳ ፎቶ አንሥታ፦
«ጋዜጣው አሥራ ሰባት ይላል፤ ፍርድ ቤቱም አሥራ ሰባት።
በደብሩ መዝገብ ላይ ግን፣ ከታይስቶ ስም ፊት ለፊት፣
በቀጭን ቀለም ተጽፏል፦ ‹ወዴት እንደሄደ አይታወቅ›።»
ምንጭ ተገኘ እንግዲህ፤ የሚመሰክረው አለማወቅ።

ሰባት ሰው፣ ሦስት ሳምንት፣ ተጨቃጭቀን ያወጣነው
ሁለት ቃል ነው፦ «በመዝገቡ መሠረት»። ይኸው ነው።
ከ«አሥራ ሰባት» ፊት አኖርነው፣ ጥጉ እንደተገለጠ ሸራ፤
ከሥሩ ያለውን ግን አንዳችን አልደፈርን ልንጠራ።

አውኔ አላመሰገነችም። አንድ ለውጥ ብቻ አድርጋ ወጣች፤
የሐይቁን ስም ፊደል ስተን ኖሯል፤ እሷን አረመች።
ዘጠኝ ጊዜ ሳነበው እኔ ያላየሁት ስሕተት።
ከዚያ ወዲህ ስሟን ፈለግሁ፤ ዝርዝር ላይ የለበት።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ስም የሌለው አንድ እጅ «ስምንት» አለ እንደገና። ምንጭ የለም።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበረ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አያወላዳ።
ባትሪዬን አንሥቼ ወጣሁ። ትራሞቹ ተኝተዋል ከሜዳ።
አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኳቸው፤ ሳልጨርስ ደግሜ ጀመርኩ።
ሰዓቱ እንዲያልፍ ነው መሰለኝ፤ ሥራውን ለሌላ ሰው ተውኩ።

ስገባ ተመልሷል፤ በአራት ደቂቃ፣ አንድ ልጅ ከላፕላንድ።
ደግ አደረገ። ልጁን ወደዚህ ሥራ ያስገባሁት
እኔ ነኝ፤ «ምንጭ ይጠቀስ» ማለትን ያስተማርኩት።