ምዕራፍ አምስት

አባቴ ተኝቷል፤ ከአልጋው ግርጌ ነው ቦታዬ፣
ድምፁን ዘግቼዋለሁ፣ እንዳይነቃ ብዬ።
የላሆር ሌሊት ነው፣ ሙቀት ያዘለ ጣራ፣
ከታች ካለው መንገድ ሪክሾ እያጓራ፣
የሚያየኝ ስክሪኑ ነው፣ ፊቴ ላይ የሚያበራ።

ወንድሜ ሻርጃ ሲገባ ትቶልኝ የሄደው
አሮጌ ማጫወቻ ነው፣ ሲሞቅ የሚያቃስተው።
አንዲት ቁልፉ ሞታለች፤ የመመከቻዋ ናት፣
ስለዚህ ሥራዬ ሁልጊዜም ሆነ መምታት።

ታሪኩ በምዕራፍ ነው። ከፍልሚያ ፍልሚያ መሃል
ሰዎቹ ይቆማሉ፤ አፋቸው ይላወሳል፤
ከስር እንግሊዝኛ እንደ ጉንዳን ይሮጣል፤
ግማሹን አነባለሁ፣ ግማሹ ያመልጣል።
ያመለጠኝን ቦታ እኔው እሞላለሁ፣
በፑንጃቢ ሳይቀር አሰድባቸዋለሁ፦
«አንተ ጎመን ራስ፣ የአጎትህን ዕዳ
ሳትከፍል ነው ወይ ሰተት ያልከው ጓዳ?»

ምዕራፍ አንድ ልጁ ነው፣ ባለ ቀይ መቀነት።
ሁለት ላይ ሞተበት ያስተማረው ሽማግሌ
(በእንዲህ ያለ ታሪክ መምህር ዕድሜ የለው)።
ሦስት ድልድይ ነው። ሦስት ሌሊት በላኝ።
አራት ላይ ግራጫዋ፣ ባለ ሁለት ማጭዷ፤
እሷን መሆን ወደድኩ፣
ቀኑን ሙሉ መርፌ ሲገፋ የዋለ አውራ ጣት
ሌሊት ማጭድ ሲይዝ እንዴት እንደሚያምርበት!

ከበሩ ፊት ለፊት ባለ ሰንሰለቱ።
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ከአፈር ቀላቀለኝ፣
ጎትቶ፣ እንደ ጨርቅ አጥቦ ጨመቀኝ።
ያወረድኩበትን እርግማን ግድግዳው ያውቃል፤
ዘሩን እየቆጠርኩ እስከ ሰባት ቤት ሄጃለሁ።
በሃያኛው፣
ሰንሰለቱ ወደ ላይ ሲወጣ ጎንበስ ብዬ፣
ከብብቱ ስር ገብቼ ትከሻውን ቀደድኩት።
ወደቀ። ሰሌዳው «ድል!» ሲለኝ
ትራስ ነክሼ ቀረሁ፣ እልልታው እንዳያመልጠኝ።

ምዕራፍ አምስት ተከፈተ። ማንን ሆንኩ መሰላችሁ?

እሱን።

ያንኑ ሰንሰለት፣ ያንኑ ጠባብ ግንባር፤
ትከሻው ላይ ቁስል፣ በእኔው ማጭድ የተቀደደ፣
ገና የሚንጠባጠብ።
ታሪኩ ወደ ኋላ አሥር ዓመት ተራመደ፦
«ማንም በዚህ እንዳያልፍ፣ ልጄም ብትሆን» ብላ
ያስማለችው ሴት አለች፣ ሰንሰለቱን ያሰረችለት፤
ፀጉሯ ግራጫ ነው። የግራጫዋ እናት።

አፉ ተላወሰ። ጽሑፉ ሮጠ።
ባዶውን ልሞላ ፈለግኩ፤
ከስድብ በቀር ለእሱ ያስቀመጥኩት ቃል አልነበረኝም።

በማግስቱ ጥልፍ ቤት፣
ከተወጠረው ጨርቅ ማዶ ፋኺራ ተቀምጣለች፣
የሙሽራዋን ሻሽ፣ የወርቅ ክሩን ሥራ፣
በግማሽ ዋጋ ተስማምታ ከእጄ የነጠቀች።
ከረመዳን ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም።
ይህ ጨዋታ አይደለም፤
ቁልፍ ብጫን እሷን አልሆንም፤
አሥር ዓመት ወደ ኋላ የሚያሳየኝ የለም።
«ቁጥር አሥር መርፌ አለሽ?» አለች፣ ሳታየኝ።
ነበረኝ።
ሰጠኋት፣ ጫፉን ወደ ራሴ አዙሬ።

ዛሬ ሌሊት በባለ ሰንሰለቱ እግር ሄድኩ።
ከባድ ነው፤ ዝላይ አያውቅም፤
የሞተችብኝ ቁልፍ ለካ የእሱ ነበረች፣
ሥራው መመከት ነው፣ መመከት፣ ደግሞ መመከት።
በጥርሴ ነቅዬ፣ ከስሯ ክር ጠቅልዬ፣
ከጥልፍ ቤት የተረፈ ወርቃማ ክር፣ መለስኳት።
አንዴ ትሠራለች፣ አንዴ ትተኛለች።
ግራጫዋ መጣች። የትናንቷ እኔ።
እንዴት ፈጣን ነበርኩ!

አምስት ሰዓት ሲሆን፣ እንደ ልማዱ፣
የማስቀመጫዋ ክብ ገና እየዞረች ሳለ፣
መብራት ሄደ።

ማራገቢያው እያዘገመ ቆመ።
ማንኮራፋቱም ቆሟል፤ መቼ እንደቆመ እንጃ።
አባቴ ከላይ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ታዲያ አሁን በሩ ላይ ማን አለ?»

«እኔ» አልኩት።