ስንተኛሽ ነው?

አፉላ፣ የእናቶችና ሕፃናት ጣቢያ፣ ማክሰኞ ጠዋት፤
ነርሷ ላሪሳ ብዕር ይዛለች፣ ጥያቄ አላት።
«ስንተኛሽ ነው? ያለፉትስ እንዴት ነበሩ?» አለችኝ፤
ለመልሱ አንዲት መስመር፣ ከአውራ ጣት ያጠረች፣ ሰጠችኝ።

እብራይስጤ ለሱቅ ይበቃል፣ ለአውቶቡስም፣ ለደመወዝ፤
የሆድን ነገር ልናገርበት ስል ግን ይላል ፍዝዝ።
ስለዚህ ትልቋን አስከተልኩ፤ ጎንደር ላይ ጥዑም ያልኳትን፣
እዚህ ስንደርስ አንድ ጸሐፊ ናዖሚ ብሎ የመዘገባትን።
ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የመኪና ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች
«ለእኔ ንገሪኝ እማ፣ እኔ ለሷ» አለች።

«አንቺን ሳረግዝ» አልኳት፣ «ስማችን እስኪጠራ እንጠብቅ ነበር፤
ሆዴ ሳይታወቅ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ዳገት ስወጣ፣ ገባ ስድስት ወር።
አምሮቴ አንድ ብቻ፦ ዝናብ የነካው የጭቃ ግድግዳ፤
በጥፍሬ ፍቄ ፍቄ ጨረስኩት የአከራያችንን ጓዳ።
ጎህ ሲቀድ የጀመረኝ ምጥ ፀሐይ ሳትሞቅ ተፈጸመ፤
‹ይኸው ነው እንዴ?› አልኩ፤ ከእልልታው የኔ ሳቅ ቀደመ።»

ናዖሚ ተረጎመች። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ላሪሳ ከት ብላ ሳቀች፤
ከዚያ ጎንበስ አለችና «የብረት እጥረት» ብላ ጻፈች።

«ወንድምሽስ? የማውቀው መንገድ መስሎኝ ገባሁበት፤
ያው ሆድ፣ ያችው ሴት፤ ግን አገሩ ሌላ፣ ምልክት የሌለበት።
ጽፋት፣ መርካዝ ክሊታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ላይ በረዶ፤
የወለል ሳሙና ከሸተተኝ አንጀቴ ይመጣል ተንዶ።
ከዱባ እስከ ዘይት፣ ከዘይት እስከ አባትሽ ሸሚዝ አስጠላኝ፤
እግሬ አብጦ በሱው ነጠላ ጫማ ሄድኩ፣ ወጪ ወራጁ እያየኝ።
ሃያ ሰባት ሰዓት አምጬ፣ ኋላ በስለት አወጡት፤
አላለቀሰም ኤልያሳፍ፤ ሐኪሞቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው ሲያቅፉት።
ዛሬም ሰርግ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው መውጫ በሩን ነው።»

ላሪሳ «ቀዶ ጥገና» ብላ ጻፈች። «እንግዲህ ይህ ሦስተኛ ነዋ።»
«ሦስተኛ» አለች ናዖሚ፣ እኔን ሳትጠይቅ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ችዬዋለሁ።
«አራተኛ በያት።»
«እማ፣ ሦስተኛ።»
«አራተኛ።

ያኛው አላቅለሸለሸኝም። አፈር አላማረኝም።
እንደ ጨዋ እንግዳ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ፤
እኔም ቀለለኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ።
በአምስተኛው ወር፣ የትምህርት ቤቱን መተላለፊያ ሳጥብ፣
ሆዴ ውስጥ ዝምታውን ሰማሁት። ቀጥሎ ደሙን አየሁ።
ባልዲውን ደፋሁ። መወልወያውን ሰቀልኩ።
ከዚያ ነው ሆስፒታል የሄድኩት፣ በአውቶቡስ፣ ቆሜ።
ማታ አንቺ ለሒሳብ ፈተና ስታጠኚ ሻይ አፈላሁልሽ።»

ናዖሚ አልተረጎመችም። ቁልፉ ጣቷ ላይ ቆመ።
ላሪሳ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች፤
ወንበሯን ወደኛ ሳበችና ከመስመሩ ውጭ፣
ኅዳጉ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል አንድ ነገር ጻፈች።
ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ይህችስ?»

ይህችማ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ሳልጠራት፣ ከች ብላለች፤
ቀን ታስተኛኛለች፣ ሌሊት «ተነሺ» ትላለች፤
የአፉላን የሱፍ ፍሬ ከነጨው ታስቆረጥመኛለች፤
ደሜን አጣፍጣ፣ በቀን አራቴ ጣቴን ታስወጋኛለች።
ሹፌር ድምፁን ከፍ ካደረገ እንባዬ ዱብ ዱብ።
ግን ትራገጣለች። እሰይ፣ ትራገጥ።
ጎረቤቶቼ «አንቺማ ለምደሽዋል» ይሉኛል።
ምኑን? ሳይተዋወቁት ሰው ይለመዳል?

መኪናው ውስጥ ናዖሚ ሞተሩን አስነሳች፤ አልነዳችም።
«ያን ማታ» አለች፣ መሪውን እያየች፣
«ሻዩ ውስጥ የጨመርሽው ጨው ነበር።»
«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»
«ፊትሽን አየሁት። ጠጣሁት።»