ወደ ኋላ የተነፈሰ እሳት

«ምላጩ ከዳኝ» አለ ኡኤሊ፣ ጠመንጃውን አጋድሞ፣
ከጫማው በረዶ ሳያራግፍ ከሬግላ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ።
እሷ ምላጩን አልነካችም፤ ባዶ ቀለሆቹን ለመነች፣
እየገለበጠች ቂጣቸውን በአጉሊ መነጽር አየች።

ሰባተኛው ላይ ቆመች።
መርፌው በሚመታው ካፕሱል መሀል
አንዲት ቀዳዳ፣ ዙሪያዋን ጥቀርሻ የለበሰች፣
የቁንጫ ዓይን ታህላለች።

«እሳት ፊት ለፊት ብቻ ይሄዳል ያለህ ማነው?
በዚች ሾልኮ ነው ወደ ኋላ የተነፈሰው፤
የነሐስ ፍንጣሪ ተሸክሞ ምላጭህ ሆድ የገባው።
መርፌውን አቀጥነዋለሁ፣ መውጫውን አጠብበዋለሁ፤
ባሩዱን ካላጎደልክ ግን ለፋሲካ እጠብቅሃለሁ።»

«ፍጥነቱስ?» አለ ኡኤሊ። መልስ አልሰጠችውም፤
ፍንጣሪዋን በወረንጦ መዳፉ ላይ አኖረችለት።
«ለእጥበቱ ሃያ ፍራንክ፤
ለስስትህ አላስከፍልም።»