ቦዬ በጆንያ

መንደራ፣ ከኪራይ ቤቴ ጀርባ፣
በአጥሩና በልብስ ማስጫው ገመድ መሀል
ሦስት ክንድ በአንድ የሆነች ቦታ አለችኝ።
መሬት አልላትም፣ ሲሚንቶ ናት፤
እሷም ብትሆን የኔ አይደለችም፣
ከውሃና ከመብራት ጋር በየወሩ የምትከፈል ናት።

እዚያ ላይ ነው ጆንያ ያቆምኩት።

የመጀመሪያው ዓመት አላወቅኩበትም።
መንገድ ሲሠራ የተዛቀ ቀይ አፈር
በእግሬ ጭምር ጠቅጥቄ ሞላሁት።
የጅማ ዝናብ መጣ፣ አላሳልፍ አለው፤
ውሃው ላዩ ላይ ተኛ፣
ቦዬው ታቹ ታፈነ፣
ሽታው ጎረቤት ድረስ ሄዶ ከሰሰኝ።

በሁለተኛው እልህ ያዘኝ፦
ዩሪያ በእፍኝ፣ ደግሞ በእፍኝ።
ሐረጉ አጥር ዘለለ፣ ገመዱን ወረሰ፣
ቅጠሉ መዳፌን አከለ፣
ያየ ሁሉ "ማሻ አላህ!" አለ።
በኅዳር ስገለብጠው
አውራ ጣቴን የምታህል፣
እሷም አንዲት።

አባ ፊጣ፣ የቡና መፈልፈያው ዘበኛ፣
ሳቅ አፈነው፤
"ላዩን አጥግበሽ ታቹን አስራብሽ፣ ልጄ።"
በማግስቱ በጋሪ ገለባ ላከልኝ፤
ክምር ውስጥ ዓመት ከርሞ የጠቆረ፣
ሲጨብጡት የማይጨቀይ፣
ሲለቁት የማይበተን።
"ትኩሱ ያቃጥላል" አለ፣ "የሚበጀው የሰከነው ነው።"

ሁለት እጅ እሱን፣ አንድ እጅ አፈር፣
ጥቂት አሸዋ ከአዌቱ ዳር፣
አመድ፣ የደረቀ እበት፣
ከጆንያው ሥር ሁለት ጡብ፣ ወለሉ ላይ እንዳይተኛ።
በበጋ፣ ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ
ደረቅ ካላለ በቀር አላጠጣም፤
በክረምት፣ አፉን በላስቲክ እጋርዳለሁ፣
ሕፃን እንደሚያለብሱ።

ነሐሴ ላይ አቶ ሙዘይን በሬን አንኳኩ።
"ልጄ ሊያገባ ነው፤ ክፍሉን ለመስከረም።"
ቦዬ ግን መስከረም አይገባው፣
እሱ የሚያውቀው ኅዳርን ነው።

እናም ባጃጅ ጠራሁ፤
ፍራሽ፣ ድስት፣ ባልዲ፣
በመጨረሻ ጆንያው፣ ከነድጋፉ፣ ከነሐረጉ፣
ቅጠሉ በመጋረጃው እየወጣ።
"ይሄ ምንድነው? ሬሳ ነው እንዴ?" አለኝ ሾፌሩ።
"ነፍሰ ጡር ናት" አልኩት፣ "ጉድጓዱን ቀስ በል።"

ወደ ቆጪ ስንወርድ
እጄን በአፈሩ ሰደድኩ፣ ትንሽ፣ ሳያየኝ፤
ከአንጓዬ በታች አንድ ጠንካራ ነገር ነካኝ።
አፈሩን መለስኩበት።
ለማንም አልተናገርኩ።