የሩዝ ሙጫ

ደብዳቤው ሲደርሰን ውርጭ ነበር ደጁ፤
አገልጋዩ ቆሟል፣ ተሰነጣጥቋል እጁ።
ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ በእግሩ፣
ሰባት ደጅ አልፎ ነው የደረሰን ዙሩ።

«ንጉሥ ተሳስቷል» ይላል፣ በለዘበ ቃል፤
«ዝም ያለ ሊቅ ሁሉ ስሕተቱን ይካፈላል።»

የሙንቾን አዳራሽ መብራቱ አልጠፋ፤
ጢም ሁሉ ተቆጣ፣ ባርኔጣ ተገፋ።
«ተሳስቷል ይበቃል»፣ «የለም፣ በድሏል በሉ»፣
ሦስት ቀን በአንድ ግሥ ሲሟገቱ ዋሉ።
ሽማግሌው ኖ ታክሱ፣ ጥርስ የሌላቸው፣
ከመቶ መጽሐፍ ጥቅስ ይበልጥ ነበር ሳላቸው።
በአራተኛው ቀን ሳሉ።
ክርክሩ አበቃ።

ከዚያ ስም መጣ።
ከየሸለቆው፣ ከናክቶንግ ወንዝ ማዶ፣
ስም በበቅሎ ተጭኖ፣ ስም በእግሩ ነጉዶ፤
የሞተም ላከ ስም፤ ልጁ ይዞት መጥቶ
«አባቴ አደራ ብሏል» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ስም በዕድሜ እደረድራለሁ፤
ሁይጋፕ ቀለም ያሻል፣ እኔ እጠቅሳለሁ።
ሁይጋፕ ወንድሜ ነው፤ ባንድ አባት ብንጠራ፣
እናቱ ቁባት ናት፤ ስሙ አይገባም ተራ።
መጽሐፉን ከእኔ ይልቅ በቃሉ ያውቃል፤
ሊቃውንቱ ሲሳሳቱ ከበር ሆኖ ይስቃል።
ወረቀት ከወረቀት በሩዝ ሙጫ ሲያጣብቅ፣
ቁስል የሚጠግን ይመስል፣ እንዴት እንደሚጠነቀቅ!

ሌሊት ነው። ሊቃውንቱ ተኝተዋል።
አሥራ ሰባተኛው መጋጠሚያ ላይ፣
ሙጫው ሳይቀባ፣
ብሩሼን ጠቅሼ ሦስት ፊደል ጻፍሁ።
አየኝ። አልተናገረም።
ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልንበት፣ ሁለታችን።
ከዚያ ሙጫውን ቀባ፣ ሌላውን ወረቀት ደረበ፣
በመዳፉ ተጫነው።
ላዩ የሩዝ ሙጫ፣
ውስጡ ወንድሜ።

ወፍ የሚያርፍበትን ዳገት በእግር ወጣን፤
ጥቅልሉ በፈረስ፣ እኛ ግን ጉም ጠጣን።
ሃንያንግ፣ ከንጉሡ በር በግንባር ተደፋን፤
ሦስት ቀን ዘነበብን፤ ከዚያ ግን አልጠፋን።
ሌላው ስለ መልሱ ይጨነቅ ነበር፣
እኔ ስለ ሙጫው።
ሩዝ ውሃ አይችልም።
አሥራ ሰባተኛው ቢላቀቅ?
ባይላቀቅስ?

መልሱ መጣ፣ አንድ መስመር፦
«አይተነዋል። ተመለሱ፤ መጽሐፋችሁን አጥኑ።»
ሽማግሌው ኖ ታክሱ ሳሉ።
ያን ቀን ሳላቸው ሳል ብቻ ነበር።

ስምንት ሺህ ስም፣ ዛሬ በግምጃ ቤት ጨለማ።
ክረምት በገባ ቁጥር፣ ነጎድጓድ ስሰማ፣
«ጣሪያው ያፈስ ይሆን?» እለዋለሁ ሁይጋፕን።
አይመልስልኝም።
ቀለም የሚያሸው እጁ ግን
ለአፍታ ይቆማል።